አረንጓዴው ቁጥር አራት

አስከሬኑን ያመጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባቸውን ከመርከቧ ጎን አስጠግተው፣ በሸራ የተጠቀለለውን ነገር ለሁለት ተሸክመው ወጡና ወለሉ ላይ አጋደሙት። ሸራውን የገለጠው አስር አለቃው ነበር። የሲሚንቶ ነጋዴው ነው። ትናንት ቁርስ ላይ ገበታውን ሁሉ በሳቅ ሲያፈርስ የነበረ ሰው፣ አሁን ጢሙ አሸዋ ሞልቶታል።

«የት አገኛችሁት?»

«ትናንት ከቆማችሁበት ደሴት ጀርባ። ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የሚል የአሸዋ ምላስ አለ። ሲሞላ ተመልሶ ይሰጥማል። በዚያ ሰዓት ውሃው እንደ ጎርፍ ነው፤ ዋናተኛም አያመልጥም።»

አስር አለቃው የመርከቧ በር ጠባቂ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስ ቤት ወንጀል መርምሯል። እሱ በፈታው ላይ የሚፈርመው ግን ሁልጊዜ ሌላ፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው ነበር። በእጁ ያለው የስምንተኛ ክፍል ካርድ ብቻ ስለሆነ ከአስር አለቅነት ሳያልፍ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንጀራው በደሴቶች መካከል ስድስት መንገደኛ ይዛ በምትዞር ትንሽ መርከብ መሰላል ላይ ቆሞ የሰው እግር ማጠብ ሆነ።

ካፒቴኑ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ወረደ። ሬሳውን አየት አደረገና ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰሌዳ መለሰ።

«አስር አለቃ፣ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መልሕቅ ሳነሣ ምን አልከኝ?»

«ስድስቱም አረንጓዴ ነው አልኩ።»

«ስለዚህ የገደልከው አንተ ነህ።»

የሰሌዳው ነገር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መንገደኛ አንድ ባለ ቁጥር የእንጨት ታርጋ አለው፤ ባንድ ፊቱ ቀይ፣ በሌላው ጥቁር አረንጓዴ፣ በክር ከሚስማር ላይ የሚንጠለጠል። መንገደኛው ወደ ደሴት ሲወርድ አስር አለቃው ራሱ ቀዩን ያዞራል። ሲመለስ ግን አስር አለቃው ጎንበስ ብሎ አሸዋውን ከእግሩ በንጹሕ ውሃ ያጥብለታል፤ ታርጋውን ወደ አረንጓዴ የሚመልሰው መንገደኛው ነው። ስድስቱም አረንጓዴ ካልሆኑ መርከቧ ንቅንቅ አትልም። ነጋዴው ደግሞ ጀልባ ንቆ እየዋኘ መመለስ የለመደ ስለነበር፣ ከሰሌዳው ሌላ የሚቆጥረው አልነበረም።

ካፒቴኑ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «'በበር ጠባቂው ቸልተኝነት' ብዬ ጽፌዋለሁ። ፖሊሶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ከወደብ ይደርሳሉ። እስከዚያ ፈርም። ፊደል ካስቸገረህ አውራ ጣትህን ትቀባለህ።»

የአስር አለቃው የጆሮ ግንድ ጋለ። የተማረ ሲሳሳት አደጋ ነው፤ ያልተማረ ሲሳሳት ቸልተኝነት። ቢፈርም የሚጠብቀው እስር ቤት ነው፤ በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ድሮ እሱ ሰው ወደሚያስገባበት።

«እፈርማለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ሰዎቹን ላነጋግር።»

«ደግሞ መርማሪ ሆንክልኝ?»

«ድሮስ ምን ነበርኩ?»

ካፒቴኑ ስቆበት ሄደ።

አስር አለቃው በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አፍንጫው እንጨቱን እስኪነካ ተጠጋ። አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሦስቱ ጡረተኛ መምህራን ናቸው። ስድስት የነጋዴው ታናሽ ወንድም ነው። በእነዚህ በአራቱ አረንጓዴ ላይ የደረቀ ጨው የጣት ቅርጽ ሠርቶ ነጥቷል። አምስት የነጋዴው ሚስት ናት፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ባሕሩ አዙሯት ስላልወረደች ታርጋዋ አልተነካም፤ ንጹሕ ነው። የነጋዴው፣ አራት ቁጥር፣ እሱም ንጹሕ ነው። አራት ግን አንድ ትርፍ ነገር ነበረው። የሌሎቹ ክር ሚስማሩ ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የእሱ ሚስማሩን አንድ ዙር ተጠምጥሞበታል።

ከኋላው ከመምህራኑ ትልቋ መጣች። ሥራዋን ብትተውም ማረም ያልተዋት ሴት ናት። ታርጋዎቹ ላይ ቁጥሩን የጻፈው አስር አለቃው ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን «ይህቺን አራት ማን ነው እንዲህ ያጣመማት?» ብላ በሰው ፊት አሳፍራዋለች።

«ምን ያፈጥጡባታል? ቢያዩዋትም አትቃናም» አለችው።

«እሜቴ፣ ትናንት ስትመለሱ እጃችሁ ደርቆ ነበር?»

«በምን ይድረቅ? የመሰላልዎ ገመድ ግማሹ ባሕር ውስጥ ነው። ያንን ጨብጠን ነው የወጣነው። እርስዎም ንጹሑን ውሃ ለእግር ብቻ ነው ብለው እጃችንን ከለከሉን።»

«ከልክዬአችኋለሁ» አለ። እስካሁን ድረስ በውሃ ቆጣቢነቱ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር።

ወንድምየውን ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከልቅሶ ይሁን ከመጠጥ አይለይም።

«ወንድምዎን ጠልተውት ነበር ይባላል» አለው አስር አለቃው።

«ማን ነው ያለው? ሚስቱ ናት?»

«ትናንት ደሴቱ ላይ ስትጨቃጨቁ መምህራኑ ሰምተዋል።»

«የአባታችንን ቤት ያለ እኔ ፈቃድ አፈረሰው። አዎ፣ ጮህኩበት። ትቶኝ ወደ ኋላ በኩል ሄደ። እኔም በጀልባ ተመለስኩ።»

«ራት ላይስ ሲቀር አልጠየቁም?»

«ከሚስቱ ጋር ተኝቷል ተባለ። ደግሞስ የተጣላሁትን ሰው ለምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «ብጠይቅ ኖሮ...»

አስር አለቃው የሰውየውን እጅ አየ። ይህ ሰው ትናንት በጀልባ ሲመጣ እስከ ክርኑ ርሶ ነበር።

ሚስትየው አልጋዋ ላይ ደርቃ ተቀምጣለች። ሬሳውን ያየችው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እመቤቴ። መቼ ነው የተኙት?»

«ስምንት ሰዓት አካባቢ። ካፒቴኑ ራሱ የማቅለሽለሽ ክኒን ሰጠኝና እስከ ጠዋት አልነቃሁም። ጎኔን ስዳስስ ባዶ ነው። በጠዋት ሊዋኝ ወጥቷል ብዬ...»

«ሰሞኑን ባለቤትዎን የከነከነው ነገር ነበር?»

አሰበች። «የመጀመሪያ ልጃችን የሞተችው መርከብ ሰምጣ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እሱም አብሯት ነበር፣ ዋኝቶ ተረፈ። ከትናንት ወዲያ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ሹካውን አስቀመጠና 'ይህን ድምፅ የት ነው የማውቀው?' አለ። ከዚያም ካፒቴኑን 'ድሮ በየትኛው መርከብ ነበሩ?' ብሎ ጠየቀው። ማታ ሲተኛ ደግሞ 'ወደብ ስንደርስ ፖሊስ ፊት የምጠይቀው ሰው አለ' አለኝ። 'ማንን?' ብለው ዞሮ ተኛ።»

አስር አለቃው ወደ ማድ ቤት ወረደ። አብሳይዋ እስከ ክርኗ በሊጥ ተነክራ እያነባች ታቦካለች።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርሽ፣ እታለም?»

«እዚሁ ነዋ! ይሄንኑ የተረገመ ሊጥ ሳቦካ። በዚህ እጄ ምን ልነካ ኖሯል?»

«ነጋዴውና ሚስቱ ራት አይበሉም ያለሽ ማን ነው?»

«ካፒቴኑ። መልሕቅ ሲነሣ ወርዶ 'ሁለት ሳህን ቀንሺ፣ ባልና ሚስቱ ታመዋል' አለኝ።»

አፏን ሳትዘጋ ካፒቴኑ ገባ። የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ለመመለስ ነው። ከበሩ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ክሩን አንድ ዙር ጠመጠመው።

«አልፈረምክም?» አለ።

«እየተለማመድኩ ነው።»

ሲወጣ አብሳይዋ አጉረመረመች። «ይሄን ክር በጠመጠመ ቁጥር በሊጥ እጄ ስፈታ ነው የምውለው። መርከቧ ብትገለበጥ እንኳ ቁልፉ አይወድቅበትም!»

በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የአስር አለቃው ጥርስ ታየ።

የቀረው ጀልባ ነጂው ነበር። ልቡ ፈርቷል።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ስናወርደው ሰውየው 'አመሻሽ ላይ የምትመጣልኝ አንተ ነህ?' አለኝ። 'በአሥር ሰዓት ነው የምንነሣው' ስለው ሳቀ። 'ለእኔ ተፈቅዷል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአሸዋው ላይ እንዳያት' አለኝ። ቀልድ መሰለኝ።»

«ለምን እስካሁን አልተናገርክም?»

«ካፒቴኑን ጠይቄዋለሁ እኮ! 'ሰሌዳው አረንጓዴ ነው፣ ዋኝቶ መጥቷል፣ ጀልባህን ስቀል' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? ልጆች አሉኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ፖሊሶቹ ደረሱ። መኮንኑ ለአስር አለቃው የልጅ ልጅ ቢባል ያምርበታል፤ ትከሻው ግን በኮከብ ተንቆጥቁጧል። ሁሉም በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ካፒቴኑ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ፊርማው ብቻ ነው የቀረው» አለ።

አስር አለቃው ቆመ። ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቅሎ፣ እንዳለ ተሸክሞት መጥቷል።

«እነዚህ አራቱ ላይ ጨው አለ» አለ ለመኮንኑ። «ከደሴት የተመለሰ ሰው ሁሉ የረጠበ ገመድ ጨብጦ ወጥቶ፣ በዚያው እጁ ነው ታርጋውን የሚያዞረው። አራት ቁጥርን ትናንት ጠዋት በዚህ እጄ ቀይ አድርጌዋለሁ። ወደ አረንጓዴ የመለሰው ግን ደረቅ እጅ ነው። ሟቹ ዋኝቶ ቢመለስ ኖሮ ከሁሉም ይበልጥ ጨው የሚኖረው የእሱ ላይ ነበር።»

ወንድምየው ቀና አለ። «ስለዚህ ደሴት የወረድን ሰዎች አይደለንም።»

«አይደላችሁም። ጀልባ ነጂውም አይደለም፤ እስከመጨረሻው ውሃ ውስጥ ነበር። ደረቅ እጅ የነበራቸው መርከቧ ላይ የቀሩት ናቸው። እመቤቲቱ፣ አብሳይዋ፣ ካፒቴኑ...»

«አንተስ?» አለ ካፒቴኑ። «አንተም ነበርክ።»

«እኔ በባልዲ ውሃ ስዘፈቅ ነበር። ግን ይሁን፣ እኔንም ጨምሩኝ፤ አራት እንሁን። አብሳይዋ ብትነካው ሊጡ እስከዛሬ ይደርቅበት ነበር። ሦስት ቀረን።» ሰሌዳውን ወደ መኮንኑ አዞረ። «ይችን ክር ይዩልኝ። ሁላችንም ዝም ብለን ነው የምንሰቅለው። ይህን ያዞረው ሰው ግን ጠምጥሞታል። ነፋስ እንዳይጥልበት ሚስማር ላይ ክር የሚጠመጥመው መርከብ ላይ ያደገ እጅ ነው፤ ሳያስበው ነው የሚያደርገው። እመቤቲቱ ይህን ከየት ታውቃለች? እኔም ብሆን መርከብ ያየሁት በጡረታዬ ነው። ማድ ቤት የተሰቀለውን የመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ ግን ሄደው ይዩት። ዛሬ ጠዋት የሰቀለው ካፒቴኑ ነው።»

አብሳይዋ ሳታስበው «ውይ!» አለች።

ካፒቴኑ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለአንድ ዙር ክር ብለህ ሰው ልትሰቅል ነው?»

«ክሩ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ትናንት የመምህራኑን እግር ሳጥብ ከኋላዬ ሰሌዳው ሥር መጥተው 'ተሟልቷል?' አሉኝ። ካፒቴን ከላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ይጠይቃል እንጂ ወርዶ አያውቅም። ቀና ስል ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ደግሞ ማድ ቤት ወርደው 'ሁለት ሳህን ቀንሺ' አሉ። እመቤቲቱ መታመሟን ያውቃሉ፣ ክኒኑን የሰጧት እርስዎ ነዎት። ባልየው ራት እንደማይበላ ግን ማን ነገረዎት? ከእሱ ጋር እኮ ማንም አልተገናኘም።»

መኮንኑ ብዕሩን አወጣ።

«ሟቹን 'ለእርስዎ ብቻ አመሻሽ ላይ ጀልባ እልካለሁ' ብሎ አሸዋው ላይ ያስቀረው ሰውም አለ። ሟቹ ራሱ ለጀልባ ነጂው 'ለእኔ ተፈቅዷል' ብሎታል። እዚህ መርከብ ላይ የሚፈቅድ ስንት ሰው ነው? ባሕሩ ስንት ሰዓት እንደሚሞላ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብስ? እኔ እንደሆንኩ ያልተማርኩ ነኝ።»

«ምክንያት የለኝም!» ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰውየውን ከዚህ ጉዞ በፊት አላውቀውም!»

ሚስትየው ስትነሣ ማንም አላያትም። ጠረጴዛውን ዞራ ፊቱ ቆመች።

«'ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ፣ ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው'» አለች ቀስ ብላ። «ባሌ ሌት ሌት በሕልሙ የሚሰማው ይህን ነበር። ያ ካፒቴን በማጉያው እንዲህ እያለ፣ እሱ ግን ቀድሞ በመጀመሪያዋ ጀልባ ወረደ። ልጄ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ሰመጠች። አንተ ነህ? ያ አንተ ነህ?»

ካፒቴኑ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን፣ ያ ሁሉ ያወቀው ድምፅ፣ አልወጣ አለ። ቁልቁል ያየው ጣቶቹን ነበር። መኮንኑ እጁን ያዘው።

ከሰዓት በኋላ መኮንኑ የአስር አለቃውን ቃል ሲጽፍ ጠየቀው፦

«የትምህርት ደረጃ?»

«ስምንተኛ ክፍል።»

ብዕሩ ቆም አለና ጽሑፉን ቀጠለ። አስር አለቃው አንገቱን አስግጎ አነበበ፤ 'በፖሊስ መኮንኑ ጥረት፣ በአንድ የመርከቡ ሠራተኛ ጥቆማ' ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው ነገር ስለሆነ አልደነቀውም። የራሱን ፊርማ ግን ረጅም አድርጎ ፈረመ፤ የገጹን ወርድ እስከ ዳር።

ሰሌዳውን ፎቶ አንሥተው ሲጨርሱ ወደ ቦታው መለሰው። በአራት ቁጥር ላይ የተጠመጠመውን ክር ፈታ። ታርጋውን ወደ ቀይ አዞረው።

ትልቋ መምህርት ከኋላው ቆማ ነበር። «ቀይ አደረጉት» አለች። ድምፅዋ የማረሚያ አልነበረም።

«አልተመለሰማ» አላት።

ለረጅም ጊዜ ታርጋውን አየችው፤ ጠማማዋን አራት ጭምር። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ በንጹሕ ውሃ ሞላችለትና ከመሰላሉ አጠገብ አስቀመጠችለት።