የሚልኬሳ ጓሮ

በ2008 ዓ.ም. ጎጆ በተባለችው የደጋ ከተማ የበልግ ዝናብ ቀረ። ገብስ የዘራ ዘሩን አጣ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ አላቆም አለ። የድንቹ ቅጠል ጠቆረ፤ ሥሩ መሬት ውስጥ በሰበሰ። በሐምሌ መጀመሪያ በረዶ ወርዶ የቀረውን አጨደው። በጎቹ ከረግረጉ በጠጡት ውሃ ሆዳቸው እየተነፋ አለቁ። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል። በየቤቱ ምሳ ቀረ። ሰው ጎረቤቱን ሰላም ሲል ስለ ኑሮው መጠየቅ ተወ።

በዚያ ክረምት ሃዊ ከትምህርት ቤት የሚያመጣትን ዳገት መውጣት አቃታት። መንገድ ዳር ትቀመጥና እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ሃዊ የኦቦ ረጋሳና የሚስቱ የሽታዬ አንድያ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ እናቷ ጨውና ሙቅ ውሃ እያስጉመጠመጠች አሳደገቻት። የጉሮሮ ሕመም ዓመታት ቆይቶ ልብ ላይ እንደሚወርድ ማን ነገራቸው? አምቦ ያለው ሐኪም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

"የልቧ በር አይገጥምም" አለ። "ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። በቀዶ ጥገና መሠራት አለበት። አዲስ አበባ ወረፋ አለ፤ ረጅም ነው። አቅም ያለው ውጭ አገር ይሄዳል።"

ረጋሳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ "ወረፋው ይደርስላታል ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የሚያስተላልፋትን ወረቀት ጽፎ ሰጠው።

ቤታቸው በጎጆ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ምሰሶው ጽድ ነው። የሠራው የረጋሳ አያት ሚልኬሳ ነው። በዚህ ቤት ላይ ክፉ ስም ተለጥፏል። ጣሊያን በመጣ ጊዜ የኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ደወል ጠፋ። ሚልኬሳ በበሬዎቹ ሲጎትተው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ደወሉን ለእሱ የሰጡት ቄስ ምክንያቱን ለማንም ሳይናገሩ በዚያው ሰሞን በጥይት ሞቱ። በሳምንቱ ጣሊያኖቹ ሚልኬሳንም ወስደው ገደሉት። "ደወሉን ሸጦላቸው በዋጋ ተጣሉ" ተባለ። ለቀብሩ ሰው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሁሉ "ደወል በላ" እየተባለ ይጠራል። የረጋሳ አባት ስሙ ቢመርረው ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ጴንጤ ሆነ፤ ስሙ ግን ተከትሎት ሄደ። ኮረብታው ላይ ደግሞ እስከዚያ ክረምት በደወሉ ፋንታ የሚመታው ጽዱ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ቋ! ቋ! ይላል። ረጋሳ ያን ድምፅ በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር።

ጃርሶ የሚባለው ሰው የመጣው በዚያው ሐምሌ ነው። ከአምቦ ተነሥቶ በየከተማው የአሮጌ ቤቶችን ጓሮ የሚፈትሽ ሰው ነው። ጣሊያን ሲሸሽ ወርቁን በየጓሮው ቀብሮ ሄዷል ይባላል። እንጭኒ ላይ አንዱ ጋን ሙሉ አግኝቶ ፎቅ ሠራ ይባላል። ፎቁን አየሁ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ጃርሶ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ፣ ጫፉ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ዘንግ ይዞ የረጋሳን ጓሮ ዞረ። አሮጌው ኮሶ ዛፍ ሥር ሲደርስ ዘንጉ ጮኸ። በጆሮው የሰካውን ማዳመጫ አውልቆ ረጋሳ ጆሮ ላይ ሰካለት። ረጋሳ ሰማ። ያን ሰዓት የታየው ወርቅ አልነበረም፤ ሃዊ ዳገቱን ስትሮጥ ነበር የታየችው።

"ስማኝ ኦቦ ረጋሳ" አለ ጃርሶ። "ሕጉ አንድ ነው። ሲቆፈር አይወራም። አንድ ቃል ከወጣ ዕቃው ይሰምጣል፤ ወይ ከሰል ይሆናል።"

"እኛ እኮ አማኞች ነን" አለች ሽታዬ። "እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም።"

"እምነታችሁን መች ነካሁ አዴ ሽታዬ? አፋችሁን ብቻ ዝጉ።"

ባልና ሚስት ተያዩ። እንዲህ ባለ ነገር አያምኑም ነበር። ነገር ግን ልጅ ስትታመም ሰው የማያምነውን ስንቱን ያደርጋል!

የጎጆ ጉም በክረምት በቀትር ይወርዳል፤ አጥር ከአጥር አይተያይም። እነሱ በጉሙ ውስጥ ይቆፍራሉ። ረጋሳ ከታች በዶማ ይቆፍራል፤ ሽታዬ ከላይ አፈሩን በባልዲ ትስባለች፤ ጃርሶ ወስዶ ይደፋል። ገመዱን ሲወዘውዘው ታወጣለች፤ በቃል አይነጋገሩም። ለጠየቀ ሰው ሽንት ቤት ነው ይላሉ። ጎረቤታቸው ባይሳ አንድ ቀን አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ፣

"ረጋሳ! ይኼ ሽንት ቤትህ ሲኦል ሊደርስ ነው እንዴ? እግረ መንገድህን አማቴን ሰላም በልልኝ!" አለው።

ረጋሳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳቀ። ሃዊም በመስኮት ሆና ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ትንፋሿን ለማግኘት ብዙ ቆየች። እናቷ አየቻት። ባልዲውን ቶሎ ቶሎ መሳብ ጀመረች።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ረጋሳ ከቁመቱ በላይ ወርዶ ሳለ ዶማው አንድ ነገር መታ። ድምፁ የድንጋይ አልነበረም። ከምድር ሆድ የወጣ፣ የታፈነ ለቅሶ የመሰለ ድምፅ ነበር። ረጋሳ ቀና አለ። ፊቱ ጭቃ ለብሶ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ሁለት እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። ቃል አልተናገረም።

በዚያው ቅጽበት ሽታዬ የጉድጓዱ አፍ አጠገብ መሬቱ እንደ ክር ቀጥኖ ሲሰነጠቅ አየች። ስንጥቁ ወደ ባሏ ሄደ። አፏን ከፈተች። "ውጣ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ… ከዚያ የልጇ ልብ ትዝ አላት። ብናገር ይሰምጥ ይሆን? ሃዊ አብራ ትሰምጥ ይሆን? አንድ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በሌላው ስንጥቁን አመለከተችው። ረጋሳ የደስታ ምልክት መሰለው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳቀላት። ያን ጊዜ ምድሩ ተደረመሰ።

ያን ጊዜ ጮኸች። ምን ያደርጋል! ጃርሶ ጥፍሩ እስኪነቀል በእጁ ቆፈረ። ባይሳ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ሰፈሩ አካፋ ይዞ መጣ። ሲያወጡት ሬሳው ገና ትኩስ ነበር፤ ጣቱም ከከንፈሩ ብዙ አልራቀም ነበር። አምላክ ሆይ፣ አንዲት ቃል እንዲህ ትከብዳለች?

ረጋሳን የቤተ ጸሎቱ ወንድሞች ቀበሩት። ከቀብሩ ሲመለሱ ከኋላ "ደወል በላው ወርቅ ሊበላ ወርዶ ነው" ያለ አልጠፋም። ሽታዬ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፅዋ ከሹክሹክታ በላይ አልወጣ አለ። ሃዊ የእናቷን ንግግር ከንፈሯን እያየች ነበር የምትረዳው።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ጃርሶ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መግባት አፈረ። "ሟች የሞተበት ነገር እዚያው ከሚቀር…" አለ፤ አልጨረሰውም። ሽታዬ በእጇ ጓሮውን አሳየችው። ሰዎቹ በዚህ ጊዜ የጉድጓዱን ግድግዳ በእንጨት ደግፈው ቆፈሩ፤ እየተነጋገሩም ቆፈሩ። ዕቃው አልሰመጠም። ከሰልም አልሆነም።

መጀመሪያ የጽድ ሳንቃ ወጣ፤ ሰማንያ ዓመት አልበሰበሰም። ከሳንቃው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ አልጋ ዙሪያውን ተደርድረው ነበር። በድንጋዮቹ መካከል እንስራ የሚያክል አረንጓዴ ነገር አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አፉ በእንጨት ተገጥሟል። ክዳኑን ሲያነሡት ውስጡ የገብስ ጭድ ተጠቅጥቆ ነበር፤ ጭዱ ዛሬ የታጨደ ይመስል ነበር። ጭዱን ሲያወጡ ደወል ሆነ፤ በገመድ ስበው ወደ ላይ አወጡት። ምላሱ፣ ያ የሚመታው ብረት፣ በበግ ቆዳ ተጠቅልሎ በጠፍር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

ከጃርሶ ሰዎች አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ሃዊ የቤቱን ግድግዳ እየተደገፈች ቀረበችና ቆዳውን በጣቷ ነካችው።

"ሲጎትተው እንዳይጮህ ነው ያሰረው" አለች። "እማዬ፣ ሊሸጥ የሚወስድ ሰው ይህን ሁሉ ይደክማል?"

ሽታዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ወርቅ ብለው የቆፈሩት፣ ባሏን የበላው፣ ዘሩ ሁሉ የተሰደበበት… ከድስታቸው ብዙ በማይርቅ መሬት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል! ስንት ክረምት ድንች የተከሉት በላዩ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ረጋሳ ቸርኬውን ሰምቶ እዚያው ቦታ ላይ አንገቱን ደፍቷል!

ጃርሶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ገዢ አለኝ። አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ አይጠይቁም። አዴ ሽታዬ፣ የልጅሽ ልብ ይኸው።"

ሽታዬ ልጇን አየቻት። "ይሂድ" አለች በሹክሹክታ። "ይውሰደው! ደወል ለኔ ምኔ ነው? አንቺን ነው የምፈልገው።"

"እማዬ…"

"አባትሽን ሰጥቻለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም!"

ሃዊ ቁጭ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቁ። "ኦቦ ጃርሶ፣ ሳንበላ ነው ደወል በላ ሲሉን የኖሩት። ዛሬ እንብላው? ሸጠን ብድን እንኳ፣ የደረቴን ጠባሳ ባየሁት ቁጥር የሰደቡን ሰዎች እውነታቸውን ነበር እላለሁ። አባዬም ሞቶ ያገኘው ይህን ነው፤ የአያቱን ስም። እማዬ፣ እኔ በዚህ አልድንም።"

ሽታዬ በልጇ ጉልበት ላይ ተደፍታ ብዙ አለቀሰች። ስትነሣ ወደ ባይሳ ቤት ሄዳ የፈረሱን ጋሪ ይዛ መጣች። ጃርሶ መሣሪያውን ረገመ፣ ዕድሉን ረገመ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ገመዱን ያዘ። "ምን ታዩኛላችሁ? ብቻችሁን ትጭኑታላችሁ እንዴ?" አለ።

የኮረብታው ቤተ ክርስቲያን አለቃ አባ ወልደሰንበት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጋሪውን በእጃቸው ዳሰሱት። የደወሉን ጠርዝ አገኙ። ምላሱን አገኙ። ጠፍሩን ለመፍታት ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"የሚልኬሳ ቤት ሰው የት አለ?"

ሽታዬ ቀረበች።

"ልጄ፣ ሸጠው ብሎ መጀመሪያ ያወራው አባቴ ነው። አላየም፤ ገምቶ ነው ያወራው። ሲሞትም ከዚህ የበለጠ አላወቀም። እኔም ተቀብዬ ሳወራ ኖርኩ።" ጢማቸው ላይ እንባ ወረደ። "በዚህ ደብር ሰው ሲሞት ደወል ይደወል ነበር። ለሚልኬሳ አልተደወለም። ቀባሪም አልወጣንለትም። ዕዳ አለብን።"

ቸርኬውን አውርደው ደወሉን ጽዱ ላይ በሰቀሉ ቀን የጎጆ ሰው በሙሉ ወጣ። አባ ወልደሰንበት ገመዱን ለሽታዬ ሰጧት።

"ጴንጤ ናት እኮ" አለ አንዱ።

"ዝም በል!" አለው ባይሳ። "ሰማንያ ዓመት ሙሉ አውርተናል።"

ሽታዬ ገመዱን ሳበች። ደወሉ ተናገረ! ድምፁ እንደ ቸርኬው አልነበረም፤ በሸለቆው ላይ ወርዶ፣ ከበረዶው በኋላ በተዘራው ገብስ ላይ ተነጥፎ፣ ከማዶ ተመለሰ። ሽማግሌዎች ተንበረከኩ። ሕፃናት እናቶቻቸውን ያዙ። ይህን ድምፅ በሕይወት ካለ ሰው ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ሽታዬ ደግማ ሳበች። ያን ጊዜ ከጉሮሮዋ አንድ ነገር ተበጠሰ።

"ረጋሳ! ውጣ! ውጣ!"

ድምፅዋና ደወሉ አብረው ወረዱ።

ቤት ስትደርስ ሃዊ በር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ኮረብታው አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

"ሰማሁት እማዬ" አለች። "አንቺንም ሰማሁሽ። ጠራሽው።"

ከዚያ በኋላ የኮረብታው ሰዎችና ጴንጤዎቹ ለሃዊ አብረው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ወረፋውም ቀረበ ተባለ። ልቧ ግን አልጠበቀም። ገብሱ በታጨደ ወር፣ በጠዋት፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች። የሰው ልጅ ምን ያውቃል? አንዱ ለሌላው ሲል ይቀብራል፤ አንዱ ለሌላው ሲል ይቆፍራል፤ ከመሬት የሚወጣውን ግን የሚወስነው ሌላ ነው። የኮረብታው ካህናት ሃይማኖቷን አልጠየቁም። ሬሳዋ ከቤት ሲወጣ ደወሉ ጀመረ፤ አፈሩ እስኪለብሳትም አላቆመም። ለሚልኬሳ ሰማንያ ዓመት የዘገየው ደወል፣ ለልጅ ልጁ ልጅ አንድ ሰዓት እንኳ አልዘገየም።