ጥቀርሻው ላይ የነበረው ቁጥር

አባቷ አንዱን የሞተር ቫልቭ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጠው። መልሶ አስቀመጠና ሌላውን አነሳ። ስምንቱም ጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫሉ።

«ቁጥር ጽፌባቸው የነበረ መስሎኝ» አለ።

ልጅቱ በሩ ጋ ቆማ ፈገግታውን እየጠበቀች ነበር። እሱ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ ውስጥ እየተቀመጠች ከአሮጌዋ መኪና የፈታቸውን የሞተር ዕቃዎች በቤንዚን ስታጥብ ነው የሰነበተችው። ሊያስደስተው ይችላል ብላ ያሰበችው ይህን ብቻ ነበር።

«ሳልጽፍ ፈትቼ አላውቅም» አለ አባቷ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ጥቀርሻው ላይ በምስማር ጫር ጫር አደርጋለሁ። አሮጌ ቫልቭና መቀመጫው ተፋጭተው ተፋጭተው ተላምደዋል፤ ከተቀያየሩ አይገጥሙም።» እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ይሄንንም ረሳሁት።»

ካለፈው ዓመት ጀምሮ አባቷ የሰፈሩን መንገድ፣ የጎረቤቱን ስም፣ አንዳንዴም ምሳ መብላቱን ይረሳል። ሥራውን ግን አንድም ቀን አልረሳም።

አጠገቧ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ግቢው አወጣት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽው?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«በቃ፣ ዝም በይ። ረሳሁ ብሎ ይቀመጥ። ለኛ አዲስ ቫልቭ መግዛት ይቀለናል።»

«እሱ አሮጌ ዕቃ አይጥልም።»

«አውቃለሁ። የወተት ጥርሳችንን እንኳ ከብሎን ጋር በጣሳ ያስቀመጠ ሰው ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ከነገርሽው ይቆጣሻል። አሁን ደግሞ መቆጣት ለጤናው ጥሩ አይደለም።»

ተመልሰው ሲገቡ አባቷ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ ነበር። የመፍቻዎቹን ሳጥን ለወንድሟ ገፋለት።

«ያዘው ልጄ። ምልክት ማድረግ የረሳ ሰው የሰው ሞተር መንካት የለበትም።»

ወንድሟ መሬት መሬት እያየ ሳጥኑን ተቀበለ። ልጅቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«አልረሳህም፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ዞረ።

«ጽፈህባቸው ነበር። አንዱ ሰባት ቁጥር ይመስል ነበር፤ ጭረት መስሎኝ ፈተግኩት። እኔ ነኝ ያጠብኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አባቷ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ፊቱ ቀላ። «ሳይጠየቅ ዕቃ ይታጠባል? ማን አስተማረሽ? ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን እጄን እኮ ነው የተጠራጠርኩት!»

እንዲህ ከተቆጣት ብዙ ጊዜው ነው። እንባዋ እየወረደ ቆማ ሰማችው፤ ይቅርታ ለማለት እንኳ አላቋረጠችውም። ሲደክመው ካፖርቱን አንስቶ እንደገና ለበሰ፤ ቁልፎቹን ለመቆለፍ ግን ጣቶቹ እምቢ አሉት። ተጠግታ ቆለፈችለት። አልከለከላትም።

ወንድሟ ውጭ ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ የነገርሽውን ረስቶ እንደገና በራሱ ያዝናል እኮ» አላት።

«ነገም እነግረዋለሁ» አለች።

«በየቀኑ ሲቆጣሽ ልትኖሪ?»

ወደ ጋራዡ ገብታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።