የማይነጋገሩ ሁለት ቦርዶች

ማቀዝቀዣው መነሳት አልነበረበትም። ተነሳና ሰው ገደለ።

ሟቹ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ቁም ሳጥን በሚያክለው ማሽን ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ሲሠራ ማራገቢያው ዞረበት። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። የጋለው ቆርቆሮ ጫማዋን እያቃጠላት፣ በማሽኑ ጎን የተደረደሩትን ወፋፍራም የካርቶን ንጣፎች አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት ተከትሏት የወጣው ፖሊስ።

«ውሃ።»

«ጠምቶሽ?»

«አዎ፣ ንጣፍ ልልስ ነው የመጣሁት። አስከሬኑን ስታነሱም እንዲህ ደረቅ ነበር?»

«ክው ያለ! ሸሚዜን ጠብታ አልነካውም። ለምን ጠየቅሽ?»

«ለምን» የሚለው ቃል የእሷ ነበር። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እመት ለምን» ይሏታል፤ ታውቃለች፤ ግድም የላት።

ፖሊሱ ነገሩ ያለቀ መስሎታል። የማተሚያ ቤቱን ኤሌክትሪሺያን ከጠዋት ጀምሮ ይዞታል። ኤሌክትሪሺያኑ የሟች እህት ባል ነው። ከሟች ጋር ሰሞኑን ተኳርፈዋል፤ አደጋው ሲደርስ ሽቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር ይላል፤ ያየው ሰው ግን የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የገዛ ሚስቱ ጣቷን ቀስራበታለች። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል።

መርማሪዋ ወርዳ የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ያዘች። ወጣት ነው፤ ከሟች ጋር አብሮ አደግ ነበሩ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማሽኑ አብዶ ነው» አላት። «ሁለት የመቆጣጠሪያ ቦርድ አለው። አንዱ ጣሪያው ላይ ማሽኑ ውስጥ፣ አንዱ እዚህ ግድግዳው ላይ፣ ቁልፎቹ ያሉበት። በቀጭን ኬብል ነው የሚነጋገሩት። ሰሞኑን መነጋገር እያቆሙ አስቸገሩን። ይኸው፣ አሁንም የስህተት ምልክቱን ጽፏል።»

«መነጋገር ሲያቆሙ ምን ይሆናል?»

«ይቆማል።»

«ይቆማል ወይስ ይነሳል?»

«ይቆማል አልኩሽ እኮ!» ካለ በኋላ የተናገረውን ራሱ ሰማውና የስህተት ምልክቱን ዳግም አየ።

«ታዲያ ሟች መብራት ሳያጠፋ ለምን ገባ?»

«ብልሽቱ የሚታየው መብራት ሲኖር ነው። ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል እያየ ነው የሚሠራው። ቦርዶቹ ካልተነጋገሩ ደግሞ ማራገቢያው አይዞርም፤ እሱን ተማምኖ ነው።»

ግድግዳው ላይ ሁለት ማስነሻ ቁልፎችና አንድ ማጥፊያ አሉ። ባለቤቱ እንዳስረዳት፣ የውሃ ጠብታ የተሳለበትን ማስነሻ ሲጫኑት መጀመሪያ ንጣፎቹን ያርሳል፤ ማራገቢያው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ንፋስ ብቻ ነው።

«ንፋስ ብቻውን ማን ይጠቀምበታል?»

«በዚህ ሙቀት? ማን አብዶ!»

ከሥራቸው፣ ጎንበስ ካላሉ በማይታይ ቦታ፣ ቀጭኑ ኬብል ከመሰኪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ጫፉን አገላብጣ አየችው። ቀጭ ብሎ የሚይዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል፤ የተሰበረበት ቦታም በጣት ብዛት ወዝቷል።

የማተሚያ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴት የሟችን የመጨረሻ ቃል ሰማሁ ያለች ብቸኛ ሰው ናት። ድምፁ የመጣላት ከራሷ በላይ ባለው የአየር ቱቦ በኩል ነው።

«ምን አለ?»

«አጥፋው ብሎ ጮኸ።»

«እንደዚያ ነው ያለው?»

«አዎ። እንዲያጠፋው ነው የጮኸው።»

«እህቴ፣ ምን ማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩሽም። እሱን ሆነሽ ጩኺልኝ።»

ሴትየዋ አፈረች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ «ኧረ ያጥፉት! ያጥፉት!» ብላ ጮኸችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ለፖሊሱ እንዲህ ብለሽ ነበር?»

«እሱ ‹አጥፋው አለ?› አለኝ፤ አዎ አልኩት። ምን ልዩነት አለው?»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ወረቀት ክፍሉ ሄደች።

የወረቀት ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በራቸው ከግድግዳው ቦርድ አጠገብ ነው። በሐዘን ተቆራምደው ተቀምጠዋል።

«ምን ልርዳሽ ልጄ?»

«ያ ወረቀት ለምን ተጠማዘዘ?»

«እርጥበት ነዋ!» ድንገት ነፍስ ዘሩ። «ያ ማሽን ከመጣ ወዲህ ወረቀቴ አብጦ አለቀ። ማተሚያው ውስጥ ሲጨማደድ የሚሰደበው ማን ነው? እኔ! ብነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እነሱ እንደሆነ ይቀዝቅዘን እንጂ...» አሏትና ምላሳቸውን ዋጡ።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በወረቀት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ኤሌክትሪሺያኑን ፖሊሱ ይዞት መጣ። ሚስቱ ከባሏ ተቃራኒ ጥግ ላይ፣ ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«እሱ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ወንድሜ ‹አጥፋው› ብሎ ጮኸ አሉኝ። እዚህ ቤት አንተ የሚለው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ባለቤቱ ነው፤ እሱ ደንበኞች ፊት ነበር። ሌላው ይኸው!»

«የሒሳብሽ መንገድ ትክክል ነው» አለቻት መርማሪዋ። «የተሳሳተ ቃል ነው የሰጡሽ። ወንድምሽ ያለው ‹ያጥፉት› ነው። በሞት አፍ ላይ ሆኖ ባልሽን አንቱ ይለዋል?»

ከዚያ ወደ ተሰበሰቡት ሁሉ ዞረች።

«ማሽኑ በራሱ አልተነሳም። ቦርዶቹ ሳይነጋገሩ አይነሳም። ስለዚህ አንድ ሰው የወጣውን ኬብል መልሶ ሰክቷል። ንጣፉ ደረቅ ነው፤ ያ ሰው ከሁለቱ ቁልፎች የተጫነው ንፋስ ብቻ የሚለውን ነው። በዚህ ሙቀት ውሃ የሚጠላ ማን ነው?» ማንንም አላየችም። «ማራገቢያው ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው። ሟች አንዴ ለመጮኽ ጊዜ አገኘ። ታች ያለውም ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሊያጠፋ ሮጠ። ማጥፊያው ፊቱ እያለ ግን ኬብሉን ነው የነቀለው። ለምን? እጁ የለመደው እሱን ስለሆነ። እርጥበት በበዛ ቁጥር ኬብሉን እየነቀለ ነው ማሽኑን ሲያስቆም የከረመው። ቦርዶቹ የተበላሹበት ቀን የለም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

«ኬብሉን ሊቀይር ነው ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ደርሶበት ለባለቤቱ እንዳይነግርብኝ። ሰካሁት፣ ንፋሱን ተጫንኩና በክፍሌ ባለው የአየር ቱቦ በኩል ‹ይኸው እየሠራ ነው፣ ውረድ› አልኩት። ውስጥ መሆኑን መች አወቅኩ? ውጭ የቆመ መስሎኝ ነው... እንደ ልጄ ነበር እኮ!»

«ይህን አምንዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። «ይህን ሰው ሲያስሩትስ ለምን ዝም አሉ?»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። ባለቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤሌክትሪሺያኑ ከተፈታ በኋላ የእጅ አንጓውን እያሸ ቆመ። ሚስቱ ጠጋ አለች።

«ቃሉን እንዲያ ብለው ስለነገሩኝ ነው» አለችው። «እኔ ምን ላድርግ? ወንድሜ ነው!»

«ወንድምሽ ነው» አለ። «እኔስ ምንሽ ነኝ? አንድ ጊዜ እንኳ ‹አድርገኸዋል?› ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«አሁን እየጠየቅኩህ አይደል...»

«አሁንማ እሷ መለሰችልሽ።»

መርማሪዋ ከመካከላቸው ዞር አለች። እዚህ ጉዳይ ላይ «ለምን» አይሠራም። ሰውየው ከወንበሩ ላይ ጃኬቱን አነሳ።

«ወደ ቤት ነው?» አለችው ሚስቱ።

በሩ ጋ ደርሶ ቆም አለ፤ ግን አልዞረም። ወጣና የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል ይመስል በሩን በዝግታ ዘጋው።