ከማጣሪያው በስተጀርባ

«የሙከራ ኢሜይል አሁን ላክሁ፤» አለ ሽቦ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል። ኮምፒውተሩ ወዲያው ጢን አለ። «ይኸው ደረሰ። ታዲያ የሴትዮዋን መልእክት ምን በላው?»

ሚጡ ከኋላው ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ምን እንደበላው ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሽቦ ከሚጡ እናት ጫማ ቤት ጎን ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ባለቤት ነው። ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። እናቷ ስለጠራችው ሥራውን ጥሎ መጥቷል። እናቷ ጫማ ሠሪ ናት፤ ያውም አንድ እግራቸው ላጠረ ሰዎች ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ የምትሠራ። እጇ ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ስለሚሆን ኮምፒውተሩን አትነካም። ከትምህርት ቤት መልስ የደንበኞችን ኢሜይል ጮክ ብላ የምታነብላት፣ መልሱንም የምትጽፍላት ሚጡ ናት።

ጉዱ የፈላው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነበር። የሚጡ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የስድስት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። አዲሱ ጫማ የትንሿን ቁርጭምጭሚት ልጦታል። «ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ፤ አንድም መልስ የለም፤» አለች። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። የሚጡ እናት ክው አለች። አንድም እንዳልደረሳት ምላ ተገዘተች። ልጇ በየቀኑ እንደምታነብላት፣ ስታነብም አንድ ፊደል እንኳ እንደማትዘል ነገረቻት። ሚጡ ያን ጊዜ መደርደሪያውን የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች። ቁስሉን ግን አይታው ነበር። ሴትየዋ ጫማውን ትታ፣ ልጇን እንዳቀፈች ተመለሰች።

ሽቦ አሁን ስፓም የሚባለውን ሳጥን ከፈተ። የማጭበርበሪያና የማስታወቂያ መልእክት ተጣርቶ የሚወድቀው እዚያ ነው፤ አንዳንዴ ደህናውንም አብሮ ይጠርገዋል። ውስጡ አንድ ያልቆረጡት ሎተሪ ደርሶዎታል የሚልና አንድ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ማስታወቂያ ብቻ ተገኘ።

«ይሄንን እኔ ጋ እንዳትልኩት፤ ጭራሽ እጠፋለሁ፤» አለ ሽቦ። እናቷ ፈገግ አለች። ሚጡ መሳቅ አቃታት።

ከሦስት ሳምንት በፊት በሂሳብ ፈተና ከመቶ ሃያ ዘጠኝ አመጣች። አስተማሪው ለወደቁት ልጆች ወላጆች እንደሚጽፍ ክፍል ውስጥ ተናገረ። የዚያኑ ዕለት ሚጡ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማጣሪያ ሠራች፦ ከትምህርት ቤቱ አድራሻ የሚመጣ ማንኛውም መልእክት ማንም ሳያየው፣ ስፓም ውስጥም ሳይገባ፣ በቀጥታ ወደ ተሰረዙት ይሂድ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ያን ጊዜ በራሷ ብልጠት ተደስታ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም ከዚያው ከትምህርት ቤቱ አድራሻ እንደምትጽፍ ጭራሽ ትዝ አላላትም።

የሽቦ ስልክ ጮኸ። ሱቁ በር ላይ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሲመለስ ማጣሪያዎቹን አንድ በአንድ እንደሚያይ ነግሯቸው ወጣ።

ሚጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማጣሪያዋን አወጣችው። ከጎኑ «አጥፋ» ይላል። አንድ ጊዜ ብትጫነው ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይደርሳል፤ ሽቦ መጥቶ ምንም አያገኝም፤ ነገሩም ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ሆኖ ይቀራል። ጣቷን ማውሱ ላይ አሳረፈች።

እናቷ ከጀርባዋ የትንሿን ጫማ ገልብጣ ውስጡን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። የቆረቆረውን ስፌት እየፈለገች ነው።

«እኔን የገረመኝ፤» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ «ይህን የመሰለች ሴት እንዴት ዓይኔን እያየች ትዋሸኛለች? አልጻፈችም። ብትጽፍማ አንቺ ታነቢልኝ አልነበር?»

ሚጡ አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ያቺ ሴት፣ ሚጡ መጽሐፍ ሳትመልስ በቆየች ጊዜ እንኳ ስሟን ሳትጽፍባት፣ በሚቀጥለው እንዳትረሺ ብላ ያለፈቻት ናት። አሁን እሷ ውሸታም ተብላ፣ ሚጡ የታመነች ልጅ ሆና ልትቀር ነው።

ጣቷን ከማውሱ አነሳች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ያዘችው፤ ማጣሪያውን ሳትነካ የተሰረዙትን ሳጥን ከፈተች።

«እማዬ፣ አልዋሸችም።»

እናቷ ቀና አለች።

«ሦስቱም እዚህ አሉ። የሂሳብ አስተማሪዬም አራት ጊዜ ጽፎልሻል። እንዳይደርስሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ ጫማውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ማስቲሽ የጠጣውን እጇን አየች።

«አንብቢልኝ፤» አለች በመጨረሻ።

ከላይ የተደረደሩት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መልእክቶች ነበሩ። ሚጡ እስከ ታች ወረደች፤ አስተማሪው መጀመሪያ የጻፈውን ከፈተች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳትዘል ማንበብ ጀመረች።