ከቢጫው መስመር ማዶ

«የዶሮ መኖ ጨርሰዋል እንዴ?»

«የቀረው የጥጃ ብቻ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ምላሽ ትክክል ነበር። ኮሪን ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ የፒክአፗን የኋላ መዝጊያ ከፈተች። ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ የደፋው ሰውዬ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ጫነላትና የእርሻ ዕቃ መደብሩ ሠራተኛ መስሎ እጁን አራገፈ። እውነተኛ ስሙን አታውቀውም። ሸማኔ ትለዋለች። እሱ ደግሞ መርፌ ይላታል። ኮሪን የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

«ከረጢቱ ውስጥ ጥቁር ጥቅል አለ» አላት ፊቱን ወደ መደብሩ አዙሮ። «የሽማግሌው የጠመንጃ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዛሬ፣ የክለቡ አባላት ድምፅ ሳይሰጡ።»

«ምንድነው?»

«የድምፅ መቅረጫ።»

እጇን ሰዳ ዳበሰችው። የክንዷን ያህል ይረዝማል። ክብደቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«ለመቅረጫ አልተለቀም?»

«ባትሪው ነው። ዛሬ ጥያቄ አበዛሽ፣ መርፌ።»

ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ይመጣል፣ ያዛል፣ ይሄዳል። በነዚህ ሁለት ዓመታት እውነተኛ ማንነቷን የሚያውቅ ብቸኛ ሰው እሱ መሆኑ አንዳንዴ ያስለቅሳታል።

በግል ሰላይነት ተቀጥራ የተላከችው በዚህ የፔንስልቬንያ ሸለቆ ውስጥ ነጣሪ ሰደፍ በድብቅ የሚሸጥ ሰው እንድታገኝ ነው። ሰደፉ ጠመንጃውን ትከሻ ላይ እያነጠረ ተራውን መሣሪያ እንደ መትረየስ የሚያንጣጣ ፕላስቲክ ነው። ከታገደ ወዲህ ይዞ የተገኘ ዓመታት ይታሰራል። «ደንበኞቻችን በዚህ ዕቃ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ናቸው» ብሏት ነበር ሸማኔ። አምናዋለች። ለዚህ ስትል የተኳሾች ክለብ አባል ሆነች፣ መተኮስ ተማረች፣ ስለ አጋዘን አደን ማውራት ቻለች።

አንድም ሰደፍ አላገኘችም። ያገኘችው ቨርሊን ሆስቴተርን ነው።

ቨርሊን የክለቡ ሊቀ መንበር ነው። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ ያሳለፈ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ቁጣው ቶሎ የሚበርድ ሽማግሌ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ምሕረት የለውም። ከተኩስ ጠረጴዛዎቹ ኋላ መሬት ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል። አንድ ሰው «ተኩስ አቁም!» ብሎ ከጮኸ ሁሉም መሣሪያውን አራግፎ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል። ቨርሊን እስኪፈቅድ ድረስ ጠረጴዛ ላይ የረሳውን ባርኔጣ እንኳ የሚነካ የለም። የነካ ይባረራል። የገዛ ወንድሙን በዚህ አባሯል።

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ክለቡ ውስጥ ቨርሊን የፓንኬክ ምጣዱን ለማውረድ ሲያግዝ፣ ኮሪን ጥቅሉን ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

ስብሰባው የተጀመረው እየተበላ ነው።

«ዛሬ ሰደፉን፣ ነገ ትልቁን የጥይት ካዝና፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የአያቴን ጠመንጃ!» አለ ባክ ራውች፣ ቋሊማ የተሰካበትን ሹካ እያወዛወዘ። ባክ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር አንገቱ ይቀላል።

«አንተ ደሞ!» አለች ከምጣዱ ኋላ ዳርሊን ዙክ። «በዚያ ሰደፍ ስትተኩስ አይቼህ የለ? ከዒላማው በቀር ያልመታኸው ነገር አልነበረም።»

«ነፃነቴ ነው!»

«ነፃነትህ የፖስታ ሳጥኔን ወንፊት አደረገው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኮሪንም ሳቀች። መሳቋ ግን የውሸት አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ቨርሊን ተነሳ።

«ሰደፉን እኔም አልወደውም። ጥይት ይበላል እንጂ አጋዘን አይጥልም። የእኔንም በመዶሻ ስሰባብረው አይታችኋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ እኛ የሚናገረው ማን ነው? የጠመንጃ ክለቦች ኅብረት ‹እገዳውን እንታገላለን› ብሎ መዋጯችንን ወሰደ። ባለፈው ወር ዋና ከተማ ሄጄ ምን ሰማሁ? እኛ ሳናውቅ ‹ግዴለም፣ አግዱት› ብለው ያሳለፉት እነሱ ናቸው። መሸነፍ ያለ ነው። መሸጥ ግን አልወድም። አሁን ስለ ካዝናው ሲከራከሩ በእኔ ስም እንዲናገሩ አልፈልግም። ከኅብረቱ እንውጣ።»

እነሱ ከወጡ የሸለቆው ክለቦች በሙሉ ይከተላሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ኅብረቱም ስለሚያውቅ ነው ግሬሰን ፔል የተባለውን ወኪሉን የላከው። ፔል ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጥርሱ የነጣ ሰው ነው።

«ወዳጆቼ፣ ፖለቲካ ድርድር ነው» አለ ፔል ፈገግ ብሎ። «ትንሽ ሰጥተን ትልቁን አተረፍን። ይህ ያልገባው ሰው ግን ‹ኅብረቱ ከቀበሮ ጋር ራት የሚበላ የዶሮ ጠባቂ ነው› ይላል አሉ።»

ኮሪን ሹካዋን አስቀመጠች።

ይህን ቃል ቨርሊን የተናገረው ከእሷ ጋር ከዋና ከተማ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነው። ከእሷ በቀር የሰማ ሰው የለም። እሷም ለሸማኔ ብቻ ነው የጻፈችው።

ቨርሊን ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

ገብቶታል።

አቀርቅሮ ተቀመጠ። እንደዚያ ተሰብሮ አይታው አታውቅም። ወደ ውጭ ወጥታ ስልኳን አወጣች።

«ደንበኛው ማን ነው?»

«ጥቅሉን አስገባሽ?» አለ ሸማኔ።

«ማን ነው አልኩህ!»

«ሸሪፉ እየመጣ ነው። ከሽማግሌው ራቂ።»

ዘጋባት።

የድምፅ መቅረጫ ፍለጋ የሚመጣ ሸሪፍ የለም። ክንድ የሚያክል፣ ቀላል ፕላስቲክ፤ ሰደፉ ነው። ሐዘንተኛ ወላጆች ብሎ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰልል የነበረው ለኅብረቱ ነው። ቨርሊን እስር ቤት ይወርዳል፤ እሱን ተከትሎ ከኅብረቱ የሚወጣም አይኖርም።

በክለቡ ልማድ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ዙር ይተኮሳል። የተናደደ ሰው ንዴቱን ዒላማው ላይ ይጨርስ ተብሎ ነው። ስትመለስ ተኩሱ ተጀምሯል። የቨርሊን ሻንጣ ባክ ከሚተኩስበት ጠረጴዛ ሥር ነው። ቀስ ብላ ተጠጋች።

በዚህ ጊዜ ከታች፣ ከዛፎቹ ኋላ፣ አቧራ ተነሳ።

«ተኩስ አቁም! እንግዳ መጣ!» ብሎ ጮኸ ቨርሊን።

ሁሉም አራግፎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ኮሪንም ከነሱ ጋር ቆመች። ፔል ቨርሊን ትከሻ ሥር ተለጥፏል፤ ሹክ ልትለው አትችልም። ቨርሊን ጥቅሉን ከነካው ደግሞ አሻራው ይቀርበታል።

አቧራው እየቀረበ ነው።

መስመሩን አለፈች።

«ኮሪን! ምን ነካሽ?» ዳርሊን ናት።

አልመለሰችም። ጀርባዋን ሰጥታቸው ተንበረከከች። ሻንጣውን ከፈተች፣ ጥቅሉን ካፖርቷ ውስጥ ወሸቀች፣ ዘጋችው። ስትዞር ሁሉም ፈዘው ያዩዋታል። ጉንፋን ሲጥላት ሾርባ ያመጡላት፣ የቤቷን ጣራ የጠገኑላት ሰዎች ናቸው። አሁን እንደ እብድ ነው የሚያዩዋት።

«ያዟት!» አለ ፔል። «ሸሪፉ እስኪደርስ እንዳትንቀሳቀስ!»

«ሸሪፉ?» አለ ቨርሊን። «እኔ የማየው አቧራ ብቻ ነው። ሸሪፍ መሆኑን ማን ነገረዎት፣ ሚስተር ፔል?»

ፔል ወደ መውጫው ዞረ። ባክ በአንድ እርምጃ ፊቱ ተገተረ።

ቨርሊን ወደ ኮሪን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። የአባልነት ምልክቷን ከደረቷ ላይ በእጁ ነቀለው።

«ቢጫውን መስመር አልፈሻል» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቦታ የለሽም። በኋላው በር ውጪ። አሁኑኑ።»

የኋላው በር ግንድ ወደሚጎተትበት የጫካ መንገድ ነው የሚያወጣው። ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። ቨርሊን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እግሯ ሥር ወረወረላት።

አንስታ ሮጠች። ማንም ደህና ሁኚ አላላትም።

የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ። ሰደፉን እዚያ ወረወረችው። ስልኳንም አስከተለች። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከወር በኋላ፣ በሌላ ክፍለ ግዛት፣ ከአንድ ሞቴል መቀበያ ወደ ክለቡ ደወለች። መደወል እንደሌለባት ታውቃለች። ናፍቆት ግን ሥልጠና አይሰማም።

ያነሳው ቨርሊን ነበር። ስሟን አልነገረችውም። እሱ ግን አወቃት።

«ከኅብረቱ ወጥተናል» አለ። «ሌሎቹም ተከትለውናል። ሸሪፉ ሻንጣዬን ሁለቴ ገልብጦ፣ የዳርሊንን ፓንኬክ በልቶ ሄደ።»

«ጥሩ።»

«ባክ ሌባ ይልሻል። ዳርሊን ስምሽ ሲነሳ ታለቅሳለች። ምንም አልነገርኳቸውም።»

«አትንገራቸው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከነገርሽኝ ሁሉ እውነት የነበረ አለ?»

የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንተን እንደ አባቴ መውደዴ።»

ሽማግሌው ሲተነፍስ ይሰማታል።

«ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንኑ መውደድሽን ነው፣ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ስም?» አለቻት የመቀበያዋ ሴትዮ፣ ቀና ሳትል።

አፏ ላይ የመጣላትን ስም ነገረቻት። ቁልፏን ተቀብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።