ተቀናሹ እንዳያመልጠን

በሂሚ ወደብ እንደ ኢዋኦና እንደ ልጁ እንደ ቺዙሩ የሚዋደዱ አባትና ልጅ ነበሩ? አልነበሩም! እናቲቱ ያረፈችው ቺዙሩ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። ኢዋኦ ሌላ ሚስት ሳያምረው፣ በዓሣ ገበያው ሣጥን ሲያነሣ ሲጥል፣ ልጁን ብቻውን አሳደጋት። የሚኖሩት ከመረብ መጋዘን በላይ ባለች የኪራይ ቤት ነበር። አከራዩ ክፉ ሰው አይባልም፤ ግን ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው ብሎ ስለነበር የእናቲቱ ፎቶግራፍ እንኳ ያን ሁሉ ዘመን ቁም ሣጥን ላይ ተደግፎ ኖረ። በእኛ አገር ደግሞ የራሱ ቤት የሌለው ሰው፣ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ድምፁ ዝቅ ይላል።

ታዲያ ቺዙሩ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት "ቤት እንገዛለን!" ብላ ተነሣች። በሱፐርማርኬት ሂሳብ ተቀባይ ናት፤ ደመወዟ ብቻውን ባንኩን አያሳምንም። የአባቷም ብቻውን አያሳምንም። ሁለቱ ሲደመሩ ግን በቃ! ግማሹ በእሷ፣ ግማሹ በአባቷ ስም ሆኖ፣ ብድሩም እንደዚያው ለሁለት ተከፍሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ቤት ይሠራላቸው ጀመር። ከሁሉ በላይ ጮቤ ያስረገጣት የግብር ተቀናሹ ነበር። በብድር ቤት የገዛ ሰው ከሚከፍለው ግብር ላይ በየዓመቱ ይቀነስለታል፤ ቤቱ የሁለት ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለቱም በየድርሻቸው ያገኛሉ። "እኔም አባዬም! በአንድ ቤት ሁለት ተመላሽ!" እያለች፣ አትክልት ሊገዛ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ሳታወራለት አትሸኝም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት ተቀናሽ ለማግኘት ዓመቱ ሳያልቅ ቤቱ ውስጥ ገብቶ መኖር ግድ ነው። ዝናቡ ደግሞ አናጢዎቹን አስተጓጎለና ቁልፉ እጃቸው የገባው በረዶ መጣል ከጀመረ በኋላ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ወር ነው።

በዚያ ጠዋት የበረዶው ወራት ነጎድጓድ ባሕሩ ላይ ሲጮህ አድሮ፣ ቡሪ የሚባለው ትልቁ ዓሣ በገፍ ገብቶ፣ ገበያው በሰው ተጨናንቋል። ቺዙሩ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ እየሮጠች ገባች።

"አባዬ! ቁልፉ! ቁልፉን ሰጡኝ!"

"ቀስ በይ፣ ወለሉ ያንሸራትታል" አለ ኢዋኦ። ፊቱ ግን በፈገግታ ተሞላ።

"አቤት፣ ባለ ርስት!" አለ ቶኩጂ፣ ከኢዋኦ ጋር ሣጥን ሲያነሣ ያረጀው ጓደኛው። "እንግዲህ ሰላምታም ልትነፍገን ነው።"

"እሁድ እንገባለን! የዓመቱ የመጨረሻ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ካልኖርን ተቀናሹ ቀለጠ ማለት ነው" አለች ቺዙሩ።

"ሁለታችንም?" ብሎ ጠየቀ ኢዋኦ።

"ሁለታችንም ነዋ! አንዳችን ከጎደልን ለሁለታችንም የለም! አባዬ፣ እስከዚያ ቀን ከቤት ውጪ ብታድር ወዮልህ!"

አጣርታ የተናገረችው ነገር አልነበረም። ግማሹን ሰምታዋለች፣ ግማሹን ደስታ አናገራት። ኢዋኦ ግን ልጁ ያለችው ሁሉ ሕግ ነው ብሎ የሚያምን አባት ነበር። ምነው ያን ጊዜ አንደበቷ በተዘጋ!

በማግስቱ ኢዋኦ የቡሪ ሣጥን አንሥቶ ሲራመድ ትንፋሽ አጠረው፤ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ቶኩጂ እየጎተተ ሆስፒታል ወሰደው። ሐኪሙ መረመረውና ፊቱን ቅጭም አደረገ።

"የልብዎ የደም ሥር ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ዛሬውኑ ይተኙ።"

"ከአዲስ ዓመት በኋላ እመጣለሁ።"

"ጌታዬ፣ እስከዚያ ላይቆዩ ይችላሉ እኮ!"

"እቆያለሁ" አለ ኢዋኦ። ኪኒኑን ተቀብሎ ወጣ። ቶኩጂንም ለማንም እንዳይናገር አስማለው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ቤቱ አለ ይባላል? ልጁ ያን ያህል የፈነደቀችበትን ነገር እሱ ያበላሽባት? ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሁድ ገቡ። ወይ ያ እሁድ! ቺዙሩ ከክፍል ክፍል እየሮጠች መብራት ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ታበራለች። ኢዋኦ ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ መዶሻ ፈልጎ፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታና የሚስቱን ፎቶግራፍ ሰቀለ። ሁለቱም ሳቁ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እንደ ደንቡ ሶባ የሚባለውን ቀጭን ፓስታ ይዘው የፊት ለፊቱንና የግራ ቀኙን ጎረቤት ሊተዋወቁ ወጡ። ሁለተኛው ደጅ ላይ ሲደርሱ ኢዋኦ የድንጋይ አጥር ተደግፎ ቆመ።

"አረጀህ እንዴ አባዬ?" ብላ ሳቀችበት። "በግማሽ ቤትህ እንዲህ ከደከምክ ሙሉውን ብትገዛ ምን ልትሆን ነው!"

"ግማሹም ከበደኝ" አለና አብሯት ሳቀ።

የዓመቱ ማብቂያ እስኪደርስ ቤቱ በደስታ ሲናጥ ሰነበተ። ቺዙሩ መስኮት ትወለውላለች፣ የሩዝ ሙልሙል ትደረድራለች፣ ቶኩጂ ግማሽ ቡሪ ተሸክሞ ይመጣና ዓይኑን ከጓደኛው ፊት እያሸሸ ይሄዳል። ኢዋኦ ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ጠረጴዛ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ልጁን ያያታል። ያማል? ያማል እንጂ! ግን በሕይወቱ እንደነዚያ ቀናት የጣፈጠው ጊዜ አልነበረም። በመጨረሻው ቀን አብረው የዓመት መሸኛውን ሶባ በሉ። "አገኘነው አባዬ! ከእንግዲህ ማንም አይወስድብንም!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

በአዲስ ዓመት ጠዋት ቺዙሩ የበዓሉን ሾርባ ልትሠራ ስትነሣ አባቷ ካፖርቱን ለብሶ፣ ትንሽ ቦርሳ አጠገቡ አስቀምጦ፣ በሩ ጋ ተቀምጦ አገኘችው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"እንኳን አደረሰሽ ልጄ" አለ። "አሁን ሆስፒታል ውሰጂኝ።"

ሰማይ ተደፋባት! በበረዶ መንገድ እንዴት እንደነዳች አታውቅም። ሐኪሙ "ባለፈው ወር ይተኙ ብያቸው ነበር እኮ" ሲላት ወደ ክፍሉ ሮጠች። አባቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ እጁን ያዘች።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታስተኚኝ ነበር።"

"አዎ! አስተኛህ ነበር!"

"እኮ... ተቀናሹስ?"

ግንባሯን እጁ ላይ ደፍታ አነባች። እሱ ግን ስለ ቤቱ ይጠይቃታል፤ ማሞቂያው ይሠራል ወይ? በረዶው ከጣሪያው ተጠርጓል ወይ? ሐኪሞቹ የተቻላቸውን አደረጉ፤ ልቡ ግን ብዙ ተጎድቶ ነበርና የአዲስ ዓመቱ ጌጥ ከየደጁ ሳይነሣ ኢዋኦ አረፈ። በለቅሶው ላይ ቶኩጂ ቺዙሩ እግር ላይ ወድቆ "ምነው ቃሌን በሰበርኩ!" እያለ ደረቱን መታ። እሷም አቅፋ አነሣችው። ማን በማን ይፍረድ?

ግብር የሚስተካከልበት ጊዜ ሲደርስ ቺዙሩ ጥቁር ለብሳ ግብር ቢሮ ሄደች። ያስተናገደቻት ረጋ ያለች ሴት ነበረች።

"የአባትዎንም ተመላሽ እርስዎ ነዎት የሚረከቡት። ነፍስ ይማር።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ቺዙሩ። "አባቴ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ቢሆን ኖሮ... ይቀርብን ነበር?"

ሴትዮዋ ግር አላት። "ለምን ይቀራል? ለሕክምና የተኛ ሰው ቤቱን ለቀቀ አይባልም። የእርስዎ ድርሻ ደግሞ የራስዎ ነው፤ የአባትዎ መኖር አለመኖር አይነካውም።"

ቺዙሩ አልጮኸችም። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያያት፣ ድምፅ ሳይወጣት አፏን ከፍታ አለቀሰች። ለካ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለው! ያን ነገር ከመናገሯ በፊት እዚህ መጥታ አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ኖሮ...

ክፉ ዕጣ የሚመጣው በጠላት እጅ ብቻ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን በደስታችን መሀል ገብቶ በገዛ አፋችን ይናገራል፤ እኛም እንስቅለታለን። ቺዙሩ ዛሬም እዚያው ቤት ትኖራለች፣ ዛሬም ሂሳብ ትቀበላለች። አዲስ ተጋቢዎች ወይም እናትና ልጅ ቤት ልንገዛ ነው እያሉ ሲያወሩ ከሰማች የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጥና "እንኳን ደስ አላችሁ" ትላለች፤ ቀጥላም እንዲህ ስትል ትመክራቸዋለች፦ "ደንቡን ሄዳችሁ ቢሮው ጠይቁ። ከሰው አፍ አትስሙ፤ ከምትወዱት ሰው አፍ ደግሞ ጨርሶ አትስሙ።"