የእንዝርት አራሶች

ሐሙስ ሐሙስ እንዝርት ቀስ ብላ ስለምትሽከረከር የሰው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል። ወንዶቹ ያማርራሉ፤ ሾርባው ከሳህን ይነሳል፣ ምግብ ሆድ ውስጥ አይረጋም ይላሉ። ሴቶቹ ግን ሐሙስን ይወዱታል። ለምን እንደሚወዱት አንዷም ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ስትስል፣ ስትስቅ፣ ልጅ ስታነሳ የሚያመልጣት ነገር የለማ!

እንዝርት ከምድር በላይ የምትዞር፣ የሰው ክብደት በሽክርክሪቷ የሚፈጠርባት፣ አራት ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ትርንጎ ደግሞ የከተማዋ ብቸኛ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት ናት። የዳሌ ወለል የሚባለው ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ እንደ አልጋ ጠፍር በሉት። ጠፍር ሲላላ ምን እንደሚሆን የተኛበት ያውቀዋል።

«ወደ ላይ ሳቢ… ያዢ… ትንፋሽሽን አታፍኚ… አሁን ልቀቂ።»

ልዕልና በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዳሌዋ ላይ የጡንቻ መለኪያ ቀበቶ ታስሮላት፣ ስድስት ወር ሙሉ ስታደርገው የከረመችውን አደረገች። የከተማዋን የውጭ ግድግዳ የምትበይድ የሃያ ዘጠኝ ዓመት በያጅ ናት፤ ከወለደች አሥር ወሯ ነው። ቀበቶው ጡንቻዋን ለካና ለሚዛን ላከ። ሚዛን የጤና ማሽኑ ስም ነው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳነ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

«ጤናማ። ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሺ» አለ ሚዛን ከግድግዳው ውስጥ።

ልዕልና አለቀሰች። «ሲስተር፣ የሆነ ነገር ወደ ታች ይወርዳል እኮ! ስቆም ኳስ የተወተፈብኝ ይመስለኛል። ይኼን ይዤ ነው ቀኑን ሙሉ ብረት የምሸከመው? ልጄን እንኳ ማንሳት ትቻለሁ። እንዲህ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት አማቷ፣ እማማ ደብሪቱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማሽኑ ድነሻል ካለ ድነሻል። ሁላችንም ወልደናል። የዛሬ ልጆች ስትባሉ!»

ትርንጎ ተናደደች። መጋረጃውን ሳበችና ጓንት አጠለቀች። ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ በጣቷ መርምራ አታውቅም፤ ቀበቶው ባለበት አያስፈልግም ተብላለች።

«ልዳስስሽ፣ ትፈቅጂልኛለሽ?»

«እሺ።»

በግራ በኩል ጡንቻው አለ። በቀኝ በኩል ጣቷ አጥንት ብቻ ነካ። በወሊድ ጊዜ ጡንቻው ከአጥንቱ ተላቅቆ ቀርቷል። ስድስት ወር ሙሉ የሌለ ጡንቻ ሳቢ ስትላት ነበር። በስመ አብ!

ይኼን የሚጠግን ቀዶ ሐኪም ያለው ከውጭ በምትመጣው የሕክምና መርከብ ላይ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ትሄዳለች። የምትወስደው ሚዛን ታማለች ያላትን ብቻ ነው። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል።

«ጤናማ ያልካት ከምን ተነስተህ ነው?» ብላ ግድግዳው ላይ ጮኸች።

«ከእንዝርት እናቶች። ሽንት ያመልጥሻል ወይ፣ የሚወርድ ነገር ይሰማሻል ወይ እያልኩ እያንዳንዷን አራስ በየጠዋቱ ጠይቄያለሁ። የደህና ሴት ጡንቻ ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከእነሱ ነው። መልሳቸው ይኸው።»

ድምፆቹን ከፈተላት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቀጣዩም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» ከየድምፁ ኋላ ሌላ ድምፅ አለ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» የሚል፣ የገንፎ ማንኪያ፣ የወንዶች ሳቅ። ትርንጎ ክው አለች። ለካ ሚዛን የሚጠይቀው ጮክ ብሎ፣ ቤቱ በአራስ ጠያቂ ሞልቶ ነው! አማት አጠገቧ፣ የባሏ ጓደኞች ሶፋው ላይ፣ ግድግዳው ሽንት ያመልጥሻል ወይ ይላታል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ማሽኑም አመናቸው። የሚያመልጣት ሴት የደህና ሴት ልክ ሆነች።

እየዘለለች ስታዳምጥ አንዱ ድምፅ የራሷ ሆኖ አገኘችው። የሃያ ስምንት ዓመቷ ትርንጎ «ኧረ ደህና ነኝ!» እያለች ትስቃለች። ያን ጠዋት ቀሚሷ ረጥቦ ከአልጋ መነሳት ፈርታ ነበር። ዛሬም ከነጭ ጋዋኗ ስር ጨርቅ አድርጋለች።

«መልሱ ይታረማል?»

«አሥር እናቶች በራሳቸው ድምፅ መልሳቸውን ካነሱ፣ ልኩን እንደገና አሰላለሁ።»

እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሃያ ሦስት ሴቶች ጋ ደወለች። ለመነች፣ ተቆጣች። «ምን ነካሽ ሲስተር፣ ደህና ነን እኮ!» አንዷ ጥቂት አልቅሳ ዘጋችው። አንዲትም አልተናገረች።

የቀራት የከተማው ድምፅ ማጉያ ነበር። ከፈተችው።

«ትርንጎ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንቴ ያመልጠኛል። ደህና ነኝ ያልኩት ዋሽቼ ነው። እዚህ አንዲት ልጅ አለች፤ ዘጠኝ ሴት ካልተናገረላት ወድቃ ትቀራለች። ስለ ማርያም ብላችሁ!»

ልዕልና ትራሱን ነክሳ ትንሰቀሰቃለች። ያኔ እማማ ደብሪቱ ተነሱ። ማንንም ሳያዩ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ማህፀኔ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በጨርቅ አስሬ ነው የምዞረው። ጻፈው።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ አላቆመም። አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የተናገሩት መቶ አራት ደረሱ። ሚዛንም አሰላ።

«ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። መርከቧ ላይ ያለው ቦታ አራት። ቅድሚያ ለባሰባቸው።»

እማማ ደብሪቱ አንደኛ ናቸው። ልዕልና ስድሳ ስምንተኛ። ሰኞ ሥራ ከመግባት ድናለች፤ ሐኪሙን ግን ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፣ ያውም ተራው ከደረሳት።

«የኔን ስጧት!» አሉ እማማ ደብሪቱ መርከቧ በር ላይ። «እኔ ለምዶብኛል!»

«ቦታ አይተላለፍም» አለ ሚዛን።

ልዕልና በሩን ተደግፋ ቆማለች። ማልቀሱ አልፎላት ፊቷ አመድ መስሏል። «እማማ፣ ስድስት ወር ስማቅቅ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በየምርመራው የጠየቀኝ ይኼ ግድግዳ ነው። ሰው አልጠየቀኝም።»

በሩ ተዘጋ። ትርንጎ ለእማማ ደብሪቱ በየዓመቱ ምርመራ፣ ሃያ ጊዜ፣ ቀበቶውን በገዛ እጇ አስራላቸዋለች። ስማቸውን ትጠይቃቸው ነበር፣ ዕድሜያቸውን ትጠይቃቸው ነበር፣ ከዚያ ሚዛን ምን እንደሚል ታዳምጥ ነበር።